የጋሽ ፈንታሁን አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ

የጋሽ ፈንታሁን ባለቤት እትዬ አንጓች ከደባርቅ ሲደውሉልኝ ባሕር ዳር ቁርስ ላይ ነበርኩ። እትዬ ስልክ ላይ መጮህ ልማዳቸው ነው፤ ድምፃቸው ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ እኔ ዘንድ የሚደርስ ይመስላቸዋል። ያን ቀን ግን ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«ትርንጎ፣ ጋሼሽ አረፉ» አሉኝ። «ሦስት ቀን ብቻ ነው የተኙት። ብዙም አልተሠቃዩ። ብቻ አንድ ነገር አዘዋል። ‹ትርንጎ ለለቅሶ ስትመጣ ውሏን ይዛ ትምጣ፤ ዋናውን እንጂ ኮፒውን እንዳታመጣ› ብለዋል።»

አለቀስኩ። እያለቀስኩ ደግሞ ሳቄ መጣ። ሌላው ሰው የመጨረሻው ሰዓት ሲደርስ ስለ ልጆቹ ይናገራል፣ ስለ ንስሐው ይናገራል። ጋሽ ፈንታሁን የተናገሩት ስለ ውል ዋና ቅጂ ነው። እሳቸውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም፤ የማያውቃቸው ካለ ግን ከመጀመሪያው ልንገረው።

ጋሽ ፈንታሁን ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። ደባርቅ ፍርድ ቤቱ በር አጠገብ፣ በሸራ ጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ዘርግተው፣ በድንበር፣ በውርስ፣ በበቅሎ ተጣልቶ ከየገጠሩ ለሚመጣው ባላገር አቤቱታና ውል ይጽፉ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን እንደ አውራ ዶሮ ቀና አድርገው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ከኮታቸው በላይ ጋቢ ይደርባሉ፤ ኮታቸው ደረት ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካሉ። ጥቁሩ ለአቤቱታ ነው፣ ሰማያዊው ለውል ነው፣ ቀዩ ለሌላ ሰው ስሕተት ነው።

«ነገሩ በጽሑፍ ይሁን» የዘወትር ቃላቸው ነበረች። ሰላምታ ሲቀር ሁሉንም ነገር በጽሑፍ ያደርጉታል። አንድ ጊዜ ጎረቤት ሴት ከእትዬ አንጓች ወንፊት ልትዋስ መጣች። ጋሼ ቆይ አሏትና ግማሽ ገጽ የውሰት ውል ጻፉ። «ወንፊቱ ቀዳዳ ያለው መሆኑን ተዋሽ አይታና ወድዳ ተቀብላለች» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ሴትዮዋ ወንፊቱን ትታ ሄደች። እትዬ አንጓች አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገሯቸውም፤ እሳቸው ግን ሴትዮዋ አንድ ቀን «ቀዳዳ ወንፊት ሰጣችሁኝ» ብትል ማን ይመሰክራል ብለው እስከ መጨረሻው ሲከራከሩ ኖሩ።

ወደ ተራራው ጎብኚ ለሚያጓጉዙት የበቅሎ ባለቤቶች የሚጽፉት የኪራይ ውል ደግሞ በከተማው የታወቀ ነበር። የበቅሎዋ መልክ ብቻ አምስት መስመር ይወስዳል። «ጠባይዋ ከፊት ለሚመጣ ሰው መልካም ሲሆን፣ ከኋላ ለሚመጣ ሰው ግን አከራይ ኃላፊነት አይወስድም» ብለው የጻፉት ትዝ ይለኛል። በዚህ ሁሉ የሚኮሩት በአንድ ነገር ነው፤ በአርባ ዓመት ሥራ እሳቸው የጻፉት ውል አንድም ቀን ፍርድ ቤት ቀርቦ አልፈረሰም። ይህን ለማንም፣ በተጠየቁም ባልተጠየቁም ጊዜ ይናገራሉ።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ ደባርቅ የገባሁት የጽሕፈት ቤት ልከፍት ነው። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ስፈልግ የተገኘው የጋሽ ፈንታሁን የፊት ክፍል ብቻ ነበር፤ በሦስት የድንጋይ ደረጃ ይወጣል፣ ከጠረጴዛቸው አሥር እርምጃ ይርቃል። እንጀራቸውን ልነጥቃቸው እንደመጣሁ ሳያውቁ አልቀሩም። በኋላ እትዬ አንጓች እንደነገሩኝ ያን ዕለት ምሳ ላይ ሲያስቡ ቆይተው፣ «ሌላ ቤት ከተከራየች ደንበኞቼን ትወስዳለች፤ እኔ ቤት ከሆነች ግን በውል እይዛታለሁ» አሉ።

ያዙኝም። ውሉን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ አርባ አንድ አንቀጽ ሆነ። እኔ በኮምፒውተር ልጻፍልዎ ብላቸው «ተከራይ የራሷን ውል አትጽፍም» አሉኝ። አንቀጽ ሰባት፣ አከራይ ከደንበኛ ጋር በሚነጋገሩበት ሰዓት ማሽኑ እንዳይጮህ ይከለክላል። አንቀጽ አሥራ ሁለት በእሳት፣ በጎርፍ፣ በናዳ፣ በመሬት መንቀጥቀጥና በጭላዳ ዝንጀሮ ወረራ ለሚደርስ ጉዳት ተከራይ አትጠየቅም ይላል። ጭላዳ ከተማ ገብቶ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲሰብር ታይቶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የገብስ ማሳዬን ሲጨርሱትስ ታይተው ያውቁ ነበር?» አሉ።

አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እንዲህ ይላል፦ «ይህ ውል ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ፣ ከሁለቱ ወገኖች በአንዱ ሞት ካልሆነ በቀር፣ በማናቸውም ምክንያት አይቋረጥም።»

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ሊታመም ይችላል» አልኳቸው።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

«ፈርሚ» አሉኝ።

ፈረምኩ። በሦስት እማኞች ፊት ነው የፈረምነው፤ የንስሐ አባታቸው፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውና በቅሎ ነጂው አያ ማሩ። ቄሱና ልብስ ሰፊው ሲፈርሙ፣ አያ ማሩ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና፣ አሻራው ስሙ ከተጻፈበት መስመር ጋር አልተነካካም ብለው አስደገሙት። የጋሼ ሕግ ነው፤ ማኅተምም ሆነ አሻራ ፊርማውን ወይም ስሙን መንካት አለበት፣ ካልነካ ለብቻው የቆመ ቀለም ነው።

እንዲህ ሆነን አብረን መሥራት ጀመርን። መጀመሪያ ጠላቶች ነበርን። እኔ ማሽኔን ሳስነሳ እሳቸው ጥላቸውን ሁለት እርምጃ ያርቃሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለት እርምጃ ያቀርባሉ፣ «እስክሪብቶ ሶኬት አይፈልግም» እያሉ ለሚያልፍ ለሚያገድም ይናገራሉ። ወራት እያለፉ ሲሄዱ ግን ፍርድ ቤቱ የእጅ ጽሑፍ አልቀበልም ማለት አመጣ። ጋሼ አንድ ጠዋት ደረጃውን ወጡና በራፌ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እየተናገርኩ አንች ብትጽፊስ? ነገሩ በጽሑፍ ይሁን» አሉ። የሥራ ውል ስድስት አንቀጽ ብቻ ሆነ፤ ለእሳቸው እንደ ዝምታ ነው።

ከዚያ ወዲያ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከእሳቸው የተማርኩት ብዙ ነው። ሰው በተናደደ ጊዜ የሚናገረውን ሁሉ ያዳምጡና፣ «ይህን ለሆድህ ያዘው፤ ለወረቀት የሚሆነውን ንገረኝ» ይሉታል። ባላገሩ ያስባል፤ ብዙ ጊዜ ለወረቀት የሚሆነው አንድ መስመር ይሆናል። አንዳንዱም ምንም ሳይጽፍ ታርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ጋሼ ደንበኛ አጣሁ ብለው ያጉረመርማሉ፣ ምሳቸውን ግን በደስታ ይበላሉ።

በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስወጣ ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

«ትርንጎ፣ አምና ይህን ደረጃ ሳትቆሚ ነበር የምትወጭው። ከየካቲት ወዲህ ሁለተኛው ላይ ትቆሚያለሽ። ዛሬ አንደኛውም ላይ ቆምሽ።»

«ብርዱ ነው ጋሼ።»

«የደባርቅ ብርድ ሰው ያስሮጣል እንጂ አያስቆምም። ጽፌዋለሁ።» ከኪሳቸው ደብተር አወጡ። እውነትም ጽፈውታል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆምኩበት ደረጃ፣ የቆምኩበት ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ ደግሞ በየመስመሩ «አልታወቀም»። ሁለት ወር ሙሉ ሲከታተሉኝ ነበር።

ጎንደር ሄጄ እንድመረመር አዘዙኝ። ሥራ አለብኝ ብል በቀይ እስክሪብቶ ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። እሺ ስል ደግሞ ለሐኪሙ የምሰጠው ደብዳቤ ካልያዝኩ አይሆንም አሉና እየተናገሩ አስጻፉኝ፤ ስለ ራሴ ሕመም አቤቱታውን የጻፍኩት በገዛ ጣቴ ነው። ዛሬም በቃሌ እይዘዋለሁ፦ «ተከሳሽ ሕመም፣ ያለ አንዳች ውልና ያለ ባለቤቷ ፈቃድ በአመልካች ደረት ውስጥ ገብቶ የሰፈረ ስለሆነ፣ ያስከተለው ጉዳት ተጣርቶ ቦታውን በአስቸኳይ እንዲለቅ ይታዘዝልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። መሣቅ ጀምሮ ነበር፤ ደረቴን ሲያዳምጥ ግን ሣቁን ተወው። ሲመረምረኝ ዋለ፣ በማሽንም አየኝ። ልጅ ሆኜ በያዘኝ የጉሮሮ ሕመም ምክንያት ከልቤ በሮች አንዱ ጠቧል አለኝ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ እሱም አዲስ አበባ ነው፣ ተራ ይጠበቃል፤ እስከዚያ ድረስ እንደ ደባርቅ ካለ ከፍታና ብርድ ራቅ ብል ደህና ነው አለ። አቤቱታውን ለራሱ ላስቀረው ብሎ ለመነኝ፣ ሰጠሁት።

ተራው ከጠበቅነው በላይ ፈጥኖ ደረሰ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ተደወለና በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ድረሽ፣ የሐኪም ወረቀትና የቀበሌ መሸኛ ይዘሽ ነይ፣ ካልደረስሽ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባልኩ። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው፣ መሸኛ የምንሰጠው የቤት ኪራዩ ጉዳይ ማለቁን አከራይሽ በፊርማው ሲያረጋግጥ ነው አለኝ። ይህች ምን አላት ብዬ እየተጣደፍኩ መጣሁ። ውሉ ሊያልቅ አሥራ ስድስት ወር ይቀረው ነበር።

ጋሼ ነገሩን ሰምተው እስክሪብቶ አላነሡም። የሐኪሙን ወረቀት ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አድርገው በቁሙም በአግድሙም አዩት።

«ይኸ በእንግሊዝኛ ነው። ደግሞ ማኅተሙ ፊርማውን አልነካም።»

«ጋሼ፣ ሐኪም ነው የጻፈው!»

«ሐኪም ስለሆነ ቀለሙ ይራመዳል እንዴ?»

አለቀስኩባቸው። በማግስቱ ጠረጴዛቸው ላይ አልነበሩም፤ የዚያ ጠረጴዛ ባዶ ሆኖ መታየት ለፍርድ ቤቱ ሰው ሁሉ ጉድ ነበር። ለካ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነሥተው፣ ዳባትንና አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ጎንደር ገብተዋል። ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሰው ተመለሱ። ወረቀቱ በአማርኛ ተጽፏል፣ ማኅተሙ ፊርማው ላይ ግራና ቀኝ ተጋድሟል። በዚያ ላይ ሌላ ሁለት ገጽ ይዘው መጥተዋል፤ ሐኪሙን ቃሉን ተቀብለውታል። እንደ ምስክር አስቀምጠው፣ ጠይቀው፣ ጽፈው፣ አስፈርመውታል። እንዲህ ይነበባል፦

«ጥያቄ፦ ተከራይ ትሞታለች ወይስ አትሞትም?

መልስ፦ ሁሉም ሰው ይሞታል።

ጥያቄ፦ ምስክሩ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። በዚህ ሕመም ትሞታለች ወይ?

መልስ፦ በጊዜ ከታከመች አትሞትም።

ጥያቄ፦ በጊዜ ማለት እስከ መቼ ነው?

መልስ፦ ይህ ተራ እንዳያልፋት።»

«አሁን ታዲያ ይፈርሙልኝ» አልኳቸው።

«በየትኛው አንቀጽ?» አሉኝ። «ውሉ የሚቋረጠው በሞት ነው። ሐኪሙ ደግሞ አትሞትም ብሎ በፊርማው አረጋግጧል። እንግዲህ በምን ላቋርጠው?»

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ባላገሩ ሁሉ እየሰማ፣ ያልፈረሰ ውል እንዲኖርዎ ብለው ሊገድሉኝ ነው አልኳቸው። ልብ የለዎትም አልኩ፤ ልቡ የታመመው የእኔ ሆኖ ሳለ። እትዬ አንጓችም ከጓሮ ወጡና፣ «አንቱ ሰውዬ፣ ልጅቱን በወረቀት ሊያንቋት ነው?» ብለው ተቆጡ። ትንፋሼ አጠረና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ደረጃው ላይ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። ተከራይ ወይም ትርንጎ ነበር የሚሉኝ፤ ልጄ ብለውኝ አያውቁም። «ውሉ በአንዱ ወገን ሞት ይቋረጣል ይላል። እኔ ዛሬ ተቋርጧል ብዬ ከፈረምኩ ማን ሞተ ሊባል ነው? እኔ ይኸው ተቀምጫለሁ። የምትቀሪው አንች ነሽ። አርባ ዓመት ስጽፍ የጻፍኩት ሁሉ ሲሆን አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት እጄ አይጽፍም።»

አሁንም ተናድጃለሁ፣ ግን ንዴቴ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ሰውየው ፈርተው ነበር። ያን ሁሉ አንቀጽ የደረደሩት ከእኔ ይልቅ እሳቸው ስለፈሩ ነው።

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን ጋሼ?» አልኳቸው።

«አያ ማሩ ይምጣ» አሉ።

የውሉ እማኞች ሳይሟሉ በውሉ ላይ አንዲት ነጥብ አትጨመርም። አያ ማሩ ደግሞ ራስ ዳሽን የሚወጡ ሰዎች ይዞ አምቢኮ ነበር። በስልክ ተፈለገ፤ ስልክ የለም። ወደዚያ በሚወርድ ሌላ በቅሎ ነጂ በኩል ወረቀት ተላከበት፤ «መጥሪያ» ይላል ርእሱ። እኔ ቀን እቆጥራለሁ። ጋሼ የክፍሌን በር ዘግተው አንቀጽ ይጽፋሉ፣ ይቀድዳሉ፣ ይጽፋሉ። በአራተኛው ቀን አያ ማሩ መጥሪያውን ባርኔጣው ውስጥ ሰክቶ፣ ጎብኚዎቹን ለባልንጀራው ትቶ ከች አለ።

«ማንን ገደልኩ?» ነበር የመጀመሪያው ንግግሩ።

ሦስቱ እማኞች ተቀመጡ። ጋሼ ቆመው አነበቡ። ውሉ አልተቋረጠም፤ ተሻሽሏል። «አንቀጽ አርባ ሁለት፦ ተከራይ ለሕክምና ስለምትሄድ፣ የቀረው አሥራ ስድስት ወር እስክትመለስ ድረስ ሳይቆጠር ባለበት ቆሞ ይጠብቃታል። አንቀጽ አርባ ሦስት፦ ተከራይ በሌለችበት ጊዜ ቤቱንና ዕቃውን የሚጠብቅላት፣ በስሟም የሚፈርም ወኪል ትሾማለች። ወኪሏም አቶ ፈንታሁን ናቸው።»

ልብስ ሰፊው እጁን አወጣ። «ጋሽ ፈንታሁን፣ አከራዩም አንቱ አይደሉ?»

«ነኝ።»

«የተከራይዋም ወኪል አንቱ?»

«ነኝ። ሁለት ፊርማ አለኝ» አሉና በሰማያዊው ለአከራይ፣ በጥቁሩ ለተከራይ ፈረሙ። ቀበሌም እንዲሁ ሆነ። ጸሐፊው አንድ ሰው ከራሱ ጋር እንዴት ይዋዋላል ብሎ ሲከራከር፣ የሚከለክል ሕግ አሳየኝ አሉት። ፈለገ። እስኪያገኝ ድረስ እዚህ እቀመጣለሁ ብለው ወንበር ሳቡ። ጋሽ ፈንታሁንን ቢሮው ውስጥ ከማዋል መሸኛውን መጻፍ ስለቀለለው ጻፈ። ማኅተሙን ሲመታ ጋሼ በላዩ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ነክቷል።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። አይዞሽ አላሉኝም፣ እግዚአብሔር ያውቃል አላሉኝም። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል መስኮቱን አንኳኩ።

«አሥራ ስድስት ወር አለብሽ» አሉኝ። «እንዳትረሽ።»

ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲያስገቡኝ ይህችን ነበር የማስበው። ሌሎቹ ሕሙማን ዘመድ እያለቀሰ ሲሸኛቸው አይቻለሁ፤ ለእኔ ደግሞ ያላለቀ ውል ነበረብኝ። ሰው ይሣቅብኝ፣ እኔ በዚያ ተጽናንቻለሁ።

የልቤ በር ሰፋ፣ ዳንኩ። ሐኪሞቹ ግን ብርድና ከፍታ ተይው አሉኝ፤ ወንድሜ ያለበት ባሕር ዳር ገባሁ፣ ሥራም አገኘሁ። ጋሼ በየወሩ ይደውላሉ። አንዳንድ ጊዜ የሚደውሉት እንደ አከራይ ነው፦ «ወኪልሽ ትናንት መስኮት ሳይዘጋ ሄዷል። ዝናብ ገብቷል። ተቆጭው።» እሺ እላለሁ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ እንደገና ይጮሃል፤ አሁን ወኪሌ ናቸው። «አከራይሽ ክፉ ሰው ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው እሱ ሳያስጠግን ቀርቶ ነው። መልስ እጽፍበታለሁ።» ይጽፉበታልም። እትዬ አንጓች እንደሚነግሩኝ ለራሳቸው የጻፉት ደብዳቤ ከአሥር አልፎ ነበር፣ ኪራዩንም በየወሩ ከአንድ ኪሳቸው አውጥተው ወደ ሌላው እየከተቱ ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ማሽኑንም ቢሆን እትዬ እንዳጋለጡባቸው ሰው በሌለበት ሰዓት እየነካኩ ተምረውታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሜን አስፈቅጄ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከባጃጅ እንደወረድኩ ሳይስሙኝ «ቁሚ» አሉኝና ደብተራቸውን አወጡ፤ ልብስ ሰፊው ተጠራ። ከዚያ «ደረጃውን ውጪ» አሉኝ። ሦስቱን ደረጃ ወጣሁ። አንደኛው ላይ አልቆምኩም፣ ሁለተኛው ላይ አልቆምኩም። በሩ ላይ ደርሼ ዞር ስል ጋሼ እየጻፉ ነበር፤ ብዙ ጻፉ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጎንበስ ብለው። ልብስ ሰፊው በእማኝነት ፈረመ።

«ለመኖር ነው የመጣሽው ለመጠየቅ?» አሉኝ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ለመጠየቅ ነው ጋሼ። ይልቅ አሁን ዳንኩ፣ ውሉን ይቁረጡልኝና ቤትዎን ለሌላ ያከራዩት።»

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ፣ ማን ሞተ ይሉኛል። ጨዋታችን ሆነ። ቤቱ ግን ለማንም አልተከራየም።

ለለቅሶው ደባርቅ ስደርስ ድንኳኑ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ውል የጻፉለት ባላገር ሁሉ መጥቷል፤ የተጣላውም ከተጣላው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ውሉን ይዤ ነበር፣ ዋናውን። ከእትዬ አንጓች ጋር ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ እጄን ይዘው ወደ ፊተኛው ክፍል አወጡኝ። የጋሼ ጠረጴዛ ከማሽኔ አጠገብ ገብቷል። ማሽኑ ጋቢ ለብሷል፤ የእሳቸውን ጋቢ።

እትዬ ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አንድ ፖስታ አወጡ። ቄሱ፣ ልብስ ሰፊውና አያ ማሩ ተጠርተው ገብተዋል። ጋሼ እንዳዘዙት ነው፤ እማኞች ሳይሟሉ አይከፈትም። እኔ እንዳነብ ተሰጠኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፦

«የውል ማቋረጫ። በአንቀጽ አሥራ ዘጠኝ መሠረት፣ በአከራይ ወገን ሞት ምክንያት ይህ ውል ተቋርጧል። ተከራይ በሙሉ ጤንነት ላይ ስለምትገኝ ለአሥራ ስድስቱ ወር አትጠየቅም።» ከሥሩ ፈርመዋል። ቀኑን አየሁት። ግንቦት ነው፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እንዲህ ያለ ወረቀት እጄ አይጽፍም ያሉኝ ዕለት።

ቀኑን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። አያ ማሩ ባርኔጣውን አወለቀና፣ «እኔ ከአምቢኮ ስንገበገብ ስመጣ፣ ሰውየው ነገሩን ጨርሰውት ኖሯል» አለ።

ፈረምኩ። ቄሱና ልብስ ሰፊው ፈረሙ፣ አያ ማሩ አሻራውን አደረገ። እትዬ አንጓች ስለ ባላቸው ሆነው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩና ወረቀቱ ላይ አንዣብበው ቆሙ።

«የት ላይ ላድርገው?» አሉኝ።

«ፊርማቸው ላይ እትዬ» አልኳቸው። «መንካት አለበት።»